ሽማግሌዎቹ ያስጠፉት ፎቶ

ከቦንጋ የወጣሁበት ሌሊት ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድብ ነበር። እናቴ የቋጠረችልኝን ቆጮና ማር ይዤ ስወጣ ታናሽ እህቴ ሕይወት ቀሚሴን ጨብጣ አለቅም አለች። አንቺ ተማሪ፣ የሰው ቤት መጥረጉ ለእኔ ይብቃ አልኳትና በለቅሶ ተላቀቅን።

እነሆ ኩዌት ሆኜ እጠርጋለሁ። እዚህ ዝናብ ብርቅ ነው፤ አሠሪዬ ማዳም ማር ብላ የምትሰጠኝን የካፋ ንብ ብትቀምሰው ታፍር ነበር። አንድ ቀን ማዳም ሳታይ ሳሎኗ ውስጥ ፎቶ ተነሣሁና ለሕይወት ላክሁላት። ደስ ብሏት ቴሌግራሟ ላይ ለጠፈችው።

ዘንድሮ ዘጠነኛ ክፍል ገብታለች። የጎረቤታችን ልጅ፣ የክፍሏ ተማሪ፣ ያንን ፎቶ ወስዶ ከእሷ ፎቶ ጎን አድርጎ በክፍሉ ግሩፕ ለቀቀው። ከሥሩ “እህትየዋ ዓረብ አገር ምን እንደምትሸጥ ገምቱ” ብሎ ጻፈ። መገመት ሥራቸው ሆነ። ሕይወት ክፍል ስትገባ “ዋጋው ስንት ነው?” ይሏታል። የገዛ ሰፈሬ ልጆች ናቸው! ሁሉንም ሕይወት ናት የነገረችኝ።

ርዕሰ መምህሩ ጋ ደወልሁ።

“በግቢያችን ውስጥ ነው የተፈጸመው?” አሉኝ።

“በቴሌግራም ነው።”

“እንግዲያው ከእኛ ኮንትሮል ውጪ ነው። ለመሆኑ እህትሽ ስልክ ይዛ ትመጣለች? ክልክል መሆኑን ታውቃለች?”

ጥፋተኛዋ እሷ ልትሆን ምንም አልቀራት።

እናቴ ደግሞ ነገሩን ለሽማግሌዎች ሰጠችው። ዋናው ሽማግሌ ጋሽ አሰፋ ደግ ሰው ናቸው፤ ልጁንና አባቱን ቤታችን ሰበሰቡ። ልጁ ጉልበት ስሞ ይቅርታ ጠየቀ፣ ፎቶውንም በሁሉ ፊት ከስልኩ አጠፋ። ከዚያ ጋሽ አሰፋ ወደ ሕይወት ዞረው፣ ቂም በስልክም አይያዝም፣ አንቺም ስልክሽ ላይ ያለውን አጥፊ አሏት። እያለቀሰች አጠፋች። ተመረቀ፣ ማር ተበላ፣ ሰው ተበተነ። ፎቶው ግን በየተማሪው ስልክ ውስጥ ነበረና በሳምንቱ በሌላ የቴሌግራም ስም ተመልሶ መጣ። ሕይወት ፖሊስ ጋ ስትሄድ የመጀመሪያው ማስረጃ የታለ አሏት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ከዚያ ወዲህ ማዳም ቀን ስትተኛ ለሕይወት እደውልላታለሁ። አትመልሺላቸው፣ አታጥፊው፣ የመጣውን ሁሉ ስክሪንሾት አድርገሽ ላኪልኝ፣ የምታምኛትን አስተማሪ ይዘሽ ሂጂ፣ ያሳፈርሽን አንቺ አይደለሽም እላታለሁ። እናንተም ልጅ ያላችሁ፣ ልጃችሁ ስልኳን ደብቃ ስታለቅስ ስልኩን አትንጠቋት። አጠገቧ ተቀመጡ። እኔ ያቃተኝ እሱ ነው።

ትናንት ራሷ ደወለች። አስተማሪዋ አብራት ርዕሰ መምህሩ ጽሕፈት ቤት ገብታ እንደተከራከረችላት ነገረችኝና ደስ አለኝ። ነገ ትምህርት ቤት ትሄጃለሽ አይደል አልኳት።

“እትዬ፣ እዚያ ማንም አያውቀኝም አይደል?” አለች።

“ማንም አያውቅሽም።”

“እንግዲያው ቪዛ ላኪልኝ። እኔም ልጥረግ።”

ማዳም ከሳሎን እየተጣራች ነበር። ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝሁ መጥረጊያዬን አነሣሁ።