አሸዋ ውስጥ የሚያድር አበባ

ይኸውላችሁ፣ እኔ የጨው ነጋዴ ልጅ ነኝ። አባቴ በዱብሉቅ በኩል የሚመጣ ጨው ለከብት አርቢው እየሸጠ ነው ያሳደገኝ፤ ነገሌ ገበያ ያለችው ሱቁም ዛሬ የእኔ ናት። ጨው የማያደርቀው ነገር የለም ብዬ አምን ነበር። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ በኋላ እንዳትፈርዱብኝ ነው። ብትፈርዱም ግድ የለም፣ እኔም ፈርጄያለሁ።

እትዬ የሺ ጎረቤቴ ነበሩ። ባላቸው አቶ ወልደሥላሴ አስተማሪ ነበሩና በ1984 ዓ.ም. ከክብረ መንግሥት ሲዛወሩ ትንሿን ልጃቸውን ቅድስትን ይዘው አብረው መጡ። ከዕቃቸው ሁሉ መጀመሪያ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው አንድ የመስታወት ፍሬም ነው። ውስጡ ነጭ ኦርኪድ ነበር፣ እዚያ ጫካ ዛፍ ላይ ተጣብቆ የሚበቅለው። አቶ ወልደሥላሴ ለጋብቻ ጠይቀው እሺ በተባሉ ዕለት ያመጡላቸው ነው። እትዬ አድርቀው ያንን ሁሉ ዘመን አኖሩት። ወላሂ፣ ትናንት የተቀጠፈ ነው የሚመስለው!

ከዚያ ወዲያ ነገሌ ውስጥ የምትዳር ሙሽራ፣ በመስጊዱም በኩል ትሁን በቤተ ክርስቲያኑ፣ የራስ አበባዋ ከእትዬ የሺ ቤት ነበር። አበባው የሚደርቅበትን አሸዋ ከደረቀ ወንዝ አስመጥተው፣ ውሃው እስኪጠራ አጥበው፣ በወንፊት ነፍተው፣ ድስት ላይ አምሰው ያቀዘቅዙታል። አበባውን የዱቄት ወተት ጣሳ ውስጥ አቁመው አሸዋውን በሻይ ማንኪያ ከጎን ከጎን ይጨምራሉ፤ ከላይ ከፈሰሰ ይጨፈልቀዋል። ከዚያ አልጋ ሥር፣ ጨለማ ውስጥ፣ ሦስት ሳምንት። ፀሐይ መልኩን ትሰርቀዋለች ይላሉ። ሲወጣ በዶሮ ላባ ይጠረጋል። እኔ ልጥረግ ስል ይቆጡኝ ነበር።

«አንቺ ሃያት! እጅሽ የተፈጠረው ለሚዛን ነው። አርፈሽ ተቀመጪ!»

ያ ቁጣቸው ዛሬ እንዴት እንደሚናፍቀኝ!

አቶ ወልደሥላሴ በ1990 ሞቱ። በ1999 ቅድስት ለግንቦት ልትዳር ቀን ተቆረጠ። እትዬ የክብረ መንግሥት ዘመዶቻቸውን አስጨንቀው አምስት ነጭ አበባ አስመጡ። የሚበቅልበት ዛፍ ተቆርጦ ወድቆ ነው የተገኘው፤ ሌላ አይገኝም ተባለ። «አባቷ ባይኖር የጫካው አበባ አብሯት ይቁም» አሉኝና ዓይናቸው እንባ ሞላ። ጣሳ ውስጥ ቀበሩትና ለሠርጉ ልብስ ሃዋሳ ሄዱ።

«አደራ ሃያት። እኔ ሳልመጣ እንዳይነካ።»

በሦስተኛው ቀን ዝናቡ ወረደ። ወይ ዝናብ! ሄጄ ጣቴን አሸዋው ውስጥ ብከተው ቀዘቀዘኝ። ረጠበ፣ አለቀልን ብዬ ደነገጥኩ። ሥጋ በጨው ይቆያል፣ ቆዳ በጨው ይቆያል፣ አበባስ ለምን አይቆይም? አሸዋውን ደፋሁና ከሱቄ የላመውን ጨው መርጬ ሞላሁት። እንዲያውም ኮራሁ። እትዬ ሲመጡ ይመርቁኛል ብዬ ስጠብቅ ከረምኩ።

እትዬ መጥተው ጣሳውን ከፈቱ። ለካ ጨው በዝናብ ወቅት እርጥበቱን ከአየር እየጠጣ ያልበዋል! የጨው ነጋዴ ልጅ ሆኜ፣ ጆንያዬ በየዝናቡ ሲያለቅስ እያየሁ፣ እንዴት ይጠፋኛል? አበባው ቡኒ ሆኖ ጨው ውሃ ውስጥ ተኝቷል።

«አሸዋዬስ?» አሉ።

«ጨው ይሻላል ብዬ እኮ ነው፣ እትዬ።»

 «ተይው» አሉና ጣሳውን ይዘው ወደ ጓዳ ገቡ። ላባ ነካሽ ብለው የሚቆጡኝ ሴትዮ ያን ቀን አንድ የቁጣ ቃል አልተናገሩኝም። ምነው በሰደቡኝ!

የሠርጉ ዕለት ቅድስት ፀጉሯ ላይ ነጭ አበባ አድርጋ ወጣች። ከየት ተገኘ ብዬ ደስ አለኝ። ሰሃን ላመጣ ወደ እትዬ ቤት ስገባ ግን ግድግዳው ላይ ፍሬሙን አየሁት። ባዶ ነው። የባላቸውን አበባ ለልጃቸው አውጥተው ሰጥተዋል። ሰሃኑን እንደያዝኩ እዚያው አለቀስኩ።

አፉ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ ማለት አቃተኝ። በማግስቱም፣ በዓመቱም አቃተኝ። እሳቸው እንደ ወትሯቸው በየጠዋቱ በአጥር በኩል «አካም ሃያት?» ይሉኛል፤ እኔም «ናጋ»፣ ሰላም ነው፣ እላለሁ። በልቤ ግን ሰላም አልነበረም። በኋላ ልጃቸው ዘንድ ሃዋሳ ገቡ። አምና እዚያው አረፉ። ሳልነግራቸው!

ባለፈው ወር ቅድስት ሱቄ ድረስ መጣች። በነጠላ የተጠቀለለ ነገር ሰጠችኝ። ፍሬሙ ነው። ውስጡ አንድ ቡኒ፣ የተጨማደደ ኦርኪድ አለ፤ እጥፋቱ ውስጥ ጨው ብልጭ ይላል።

«እማዬ ያኔ ከአምስቱ አንዱን አትርፋ መልሳ አሸዋ ውስጥ ቀብራው ነበር» አለች። «ሃዋሳ ሳሎናችን ውስጥ ነበር የተሰቀለው። ለሃያት ስጪልኝ ብላ ነው የሞተችው።»

ገልብጬ ጀርባውን አየሁ። በእርሳስ፣ በእትዬ ጽሑፍ፣ «ሃያት ያደረቀችው» ይላል።

«ተቀይማኝ ነበር?» አልኩ፣ አንቱታው ጠፍቶብኝ።

«ኧረ እትዬ ሃያት! እንግዳ በመጣ ቁጥር እያሳየች ትስቅ ነበር። ጎረቤቴ ልትረዳኝ ብላ ነው ትል ነበር።»

ሱቁ ውስጥ፣ ከጨው ጆንያው ራቅ አድርጌ ሰቀልኩት። ከዚያ ደንበኛው ሁሉ እየሰማኝ፣ ጮክ ብዬ፣ «አፉ በሉኝ፣ እትዬ» አልኩ።