የቱፋ አፍና የፋንቱ ቁርባን

ኦቦ ቱፋ የአምቦ መናኸሪያ ተራ አስከባሪ ነው። ድምፁ ከአውቶቡስ ጡሩምባ ይበልጣል፤ ስድቡ ደግሞ ከድምፁ ይበልጣል። ሲሳደብ ግን ተሰዳቢው ራሱ ሳቁን መያዝ ስለሚያቅተው፣ የተጣላ ሁሉ ፀቡን ረስቶ ይሳፈራል።

ሚስቱ ፋንቱ ይህን ተሰጥኦ አትወደውም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የተመኘችው አንድ ነገር ነው፤ ከባሏ ጋር መቁረብ። የንስሐ አባታቸው አባ እንግዳወርቅ ግን በጄ አላሉም።

«ሥጋ ወደሙ የሚገባው በአፍ ነው፤ የቱፋን አፍ ደግሞ አገር ያውቀዋል» አሏት።

በ2009 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ባልና ሚስት ከጊንጪ ሲመለሱ መንገዱ በድንጋይ ተዘጋ፤ ተኩስም ተሰማ። ተሳፋሪው ሁሉ ወርዶ ጤፍ ማሳ ውስጥ በደረቱ ተኛ። ቱፋ ፈራ፤ ሲፈራም ይጮኻል። «ወላዲተ አምላክ! ቤቴ በሰላም ካገባሽኝ ዓመት ሙሉ ሰው አልሰድብም!» ብሎ ተሳለ።

«ሰምቻለሁ» አለች ፋንቱ፣ ከአጠገቡ ጭቃ ውስጥ።

በሰላም ገቡ። አባ እንግዳወርቅም ስለቱን ሰምተው ፈረዱ፤ ዓመቱ ሲሞላ ይቆርባሉ፣ በመሀል ከተሳደበ ግን ቆጠራው እንደገና ከአንድ ይጀምራል።

በዐሥራ አንደኛው ቀን ሙለታ የሚባል የሚኒባስ ሾፌር ተራ ዘሎ ገባ፤ ቱፋም አልቻለም። ከአንድ ጀመረ። በአምስተኛው ወር ኔትወርክ ተቋርጦ ስልኩን ሰደበ። ስልክ ሰው አይደለም ብሎ ቢከራከር አባ «የሠራው ሰው ነው» ብለው ከአንድ አስጀመሩት። አገሩ አልረጋ ሲል የቱፋም ቆጠራ አልረጋ አለ፤ መንገድ በተዘጋ፣ ነዳጅ በጠፋ ቁጥር አንድ ስድብ ታመልጠዋለች። የአንድ ዓመት ስለት ሦስት ዓመት ፈጀ።

በመጨረሻ መላ ዘየደ። ሲናደድ ጥርሱን ነክሶ መመረቅ ጀመረ። «ሙለታ! ዘመንህ ይባረክ! ልጆችህ ይደጉልህ!» እያለ ሲያፈጥበት ሙለታ ላብ ያጠምቀዋል።

«ማሎ፣ እባክህ ኦቦ ቱፋ፣ ስደበኝ ይሻለኛል» ይለዋል።

በዚህ ዓይነት ጥቅምት 2012 ደረሰ፤ ስለቱ ሊሞላ ሦስት ቀን ቀረው። ፋንቱ ለቁርባኑ ያዘጋጀችውን ነጭ ልብስ አጥባ ተኩሳ ሰቅላለች። መንገድ ለቀናት ተዘግቶ የተከፈተው ያን ዕለት ነበርና መናኸሪያው በሰው ተጨናነቀ። በወረፋ የተጀመረ ጭቅጭቅ «አንተ የማን ወገን ነህ?» ወደሚል ዞረ። አንዱ ድንጋይ አነሳ።

«ኦቦ ቱፋ፣ አንድ ቃል!» አለ ሙለታ እጁን እየጎተተ።

ቱፋ ቤት የተሰቀለው ነጭ ልብስ በዓይነ ሕሊናው ታየው። ድንጋዩም ታየው። ሚኒባሱ በር ላይ ተንጠለጠለና አፉን ከፈተ።

«አንተ ባለ ድንጋዩ! ትናንት እናትህ ውኃ ቅዳልኝ ስትልህ ክንዴን አመመኝ አላልክም? አንተስ ወገን ጠያቂው! ሚስትህ እንኳ ወገኔ ነው ለማለት ታፍርብሃለች! ያ ደግሞ፣ ባለ ጥምጣሙ! ጥላህን ይዘህ ምን ይገትርሃል? ማስታረቅ የማን ሥራ ነው?»

አማርኛው ያልደረሰው እንዳይቀርበትም ሁሉንም በኦሮምኛ ደገመው። መጀመሪያ አንዲት ሴት ሳቀች፤ ቀጥሎ ባለ ድንጋዩ ራሱ። ድንጋዩን ጥሎ ወረፋውን ያዘ።

ባለ ጥምጣሙ ዞር አሉ። አባ እንግዳወርቅ ነበሩ።

ቱፋ የዚያን ቀን እህል አልቀመሰም። ፋንቱም ነገሩን ስትሰማ «ሦስት ቀን! ሦስት ቀን አፍህን ብትይዝ ምን ነበረበት?» ብላ አለቀሰች። እሱም አብሯት አለቀሰ፤ ልቧን ስንት ዓመት እንዳደከመው ገና ያን ዕለት ገባው።

በማግስቱ አባ ዘንድ ሄዶ እግራቸው ላይ ወደቀ። «አባቴ፣ እርስዎን አንተ ብዬ ሰደብኩ። ከአንድ ልጀምር።»

አባ ክንዱን ይዘው አነሱት። «ልጄ፣ የተናገርከው እውነት ነው። ማስታረቅ ሥራዬ ነበር፤ ፈርቼ ቆምኩ። አንተ ሦስት ዓመት የለፋህበትን ጥለህ ገባህ» አሉት። ቀጥለውም ፈረዱ። «ሠላሳ ቀን፣ በየቀኑ አርባ ስግደት። ለሁለታችንም ነው። ኅዳር ጽዮን ትቆርባላችሁ።»

ቅጣቱን የሰጡት እሳቸው፣ ጉልበታቸውን ያመማቸውም እሳቸው ሆኑ።

የኅዳር ጽዮን ዕለት ባልና ሚስት ቆርበው፣ አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው በመናኸሪያው በኩል ወደ ቤታቸው ሲሄዱ ሙለታ ተራ ዘሎ ሲገባ ደረሱ። ሰው ሁሉ ወደ ቱፋ ዞረ። ቱፋ ቆመ፤ ምንም አልተናገረም፤ ዝም ብሎ አየው።

ሙለታ ማርሹን ወደ ኋላ አስገብቶ ሰልፉ መጨረሻ ሄደ። ፋንቱ የባሏን ክንድ ያዘች፤ ነጠላዋ ውስጥ እየሳቀች እንባዋ ይወርድ ነበር።