ከአማቴ ደጅ ያፈገፈግንበት ቀን

ስለ ጥንት ቻይናውያን የጦር ስልት የሚያወራውን መጽሐፍ አንድ ባልደረባዬ በቴሌግራም ላከልኝ። ከጎጃም ተመድቤ ሰቆጣ የማስተምር፣ ዘመድ የሌለኝ ሰው ነበርኩና ከሥራ መልስ በስልኬ እሱኑ ሳነብ አመሽ ጀመር። ቀስ በቀስ በነገር ሁሉ ልሞክረው ቃጣኝ። ርእሰ መምህሩን ፈቃድ የምጠይቀው ከምሳ በኋላ፣ ጠግቦ ሲዝል ጠብቄ ነበር። ይሳካልኛል። በተሳካልኝ ቁጥር ብልህ የሆንኩ መሰለኝ።

ያን ሰሞን ከአንዲት ነርስ ጋር እንዋደድ ነበር። ወላጆቿ ከሰቆጣ ወደ ቆላው ወረድ ብሎ ባለው ዝቋላ የሚኖሩ ገበሬዎች ናቸው። አከራዬንና የሰፈራችንን ቄስ ሽማግሌ አድርጌ ብልክ አባቷ፣ “የሰው አገር ሰው ነው፤ ነገ ሲዛወር ልጄን ይዞብኝ ይሄዳል። እስቲ ላስብበት” ብለው ቀጠሮ ሰጡ።

እኔም ለቀጠሮው ስልት አወጣሁ። የሸሸ ከመሰልክ ባላንጣህ ከምሽጉ ወጥቶ ይከተልሃል የሚል ነገር አንብቤ ነበር። “ዛሬም እሺ ካላሉ፣ ‘እንግዲያው ይቅር’ ብላችሁ ተነሡ። ደንግጠው ይጠሯችኋል” አልኳቸው።

አከራዬ ራሳቸውን ነቀነቁ። “ልጄ፣ ሽማግሌ ይለምናል እንጂ እሺ ሳይባል አይነሣም።”

“ግድ የለዎትም፤ ለእኔ ሲሉ።”

እንደ ልጃቸው ስለሚያዩኝ እምቢ ማለት አቃታቸው።

መኪና እስከሚደርስበት ሄደን የቀረውን በእግር ወረድን። እኔ መግባቴ ወግ አይደለምና ከግቢው በታች ግራር ጥላ ሥር ተቀመጥኩ። ብዙም ሳይቆዩ ሁለቱ ሽማግሌዎች ከበሩ ሲወጡ አየሁ። የሚጠራቸው ሰው ጠበቅሁ። ማንም አልጠራቸውም። አባቷ በሩ ላይ ቆመው ቄሱን አንድ ነገር ሲጠይቁ፣ ቄሱም አንገታቸውን ደፍተው ሲመልሱ ይታየኛል። ከዚያ አባቷ በትራቸውን ይዘው ቁልቁል ወደ እኔ መጡ። ተነሥቼ ቆምኩ።

“እኒህን ሰዎች አንተ ነህ ያስነሣሃቸው?”

“አዎ፣ አባባ።”

“የጦር ብልሃት ነው አሉኝ። ጠላትህ ነኝ?”

መልሴን ሳይጠብቁ ቀጠሉ።

“ትንሽ ባስለምን ለልጄ ክብር ብዬ ነው። እሺ ልላችሁ ፍየል አርጄ ነበር። በሉ ግቡና ብሉ፤ እንግዳ ከቤቴ ጦሙን አይሄድም። የልጄን ነገር ግን አታንሡብኝ።”

ገባን። እናቷ ሥጋውን እየመረጡ ወደ እኔ ይገፉልኛል። ባልና ሚስት በአገውኛ ሲነጋገሩ ቋንቋውን ባልሰማም ስለ እኔ መሆኑ ገብቶኝ ነበር። አከራዬ ደግሞ፣ በዕድሜያቸው ስንቱን ያስታረቁ ሰው፣ በእኔ ምክንያት ቀና ብለው ማየት አቅቷቸው መሶቡ ላይ አቀርቅረዋል። ከሁሉ ያሳፈረኝ እሱ ነው።

ሰቆጣ ስመለስ ወሬው በስልክ ቀድሞኝ ልጅቷ ዘንድ ደርሶ ነበር። አልጮኸችብኝም።

“ከእኔስ ጋር?” አለች። “በየትኛው ብልሃት ነበር?”

ልክድ አልቻልኩም። መጀመሪያ አካባቢ፣ እንድናፍቃት ብዬ፣ ስልኳን ሆን ብዬ ሳላነሣ የሰነበትኩበት ጊዜ ነበር። ነገርኳት።

“ያኔ ታሞ ነው ብዬ ለማርያም ተስያለሁ” አለች። “አንተ ስልት ስታወጣ እኔ ስለት እሳል ነበር።” ነጠላዋን አጣፍታ ሄደች።

በኋላ አባቷ ደጅ ድንጋይ ተሸክሜ፣ ሽማግሌዎቹን አስከትዬ ቆምኩ። ሽማግሌዎቹ ሳይናገሩ እሳቸው ራሳቸው ድንጋዩን ከጫንቃዬ አወረዱልኝ። “የልጅ ነገር” አሉና አለፉት። የእሷ ይቅርታ ግን ዘገየ። ክረምቱ እስኪወጣ መንገድ ላይ ሰላምታዬን እንደ ማንኛውም ሰው እየመለሰች ታልፈኝ ነበር። እኔም ምንም አልሞከርኩም፤ ምን እንደሚሞከርም አላውቅም ነበር። ከመስቀል በኋላ አንድ ቀን ራሷ መጥታ፣ “አባቴ ምነው ቀረ ይላል” አለችኝ።

አሁን በአንድ ቤት ነን፤ ልጅም ወልደናል። አንዳንድ ቀን ከትምህርት ቤት ዝዬ እገባና ዝም ብዬ እቀመጣለሁ። ያኔ ሥራዋን አቁማ ታየኛለች፤ ዓይኗ ፊቴን ይፈትሻል።

“ደክሞኝ ነው” እላታለሁ።

“እሺ” ትላለች። ማመኗን ግን እስከ ዛሬ አላወቅሁም፤ ለመጠየቅም አፍራለሁ።