ከበሮው ሲወጣ የቀረው

ይህ ነገር ምን እንዳስወጣኝ አስቀድሜ ልናገር፤ ገበያ ውስጥ ያደግሁ ሰው ነኝና ዋጋውን ሳልጠይቅ ዕቃ አላገላብጥም። አንድ ባጃጅ ሄዷል፣ ያውም ጎማው ያልተበላ። ከደንበኞቼ መካከል ሳይከራከር የሚከፍለው አንዱ ሄዷል። ተረጋግቶ ሻይ መጠጣት የሚባለው ነገርም አብሮ ሄዷል። አሁን ሻይ ሲቀርብልኝ ጆሮዬ ማንኪያው ብርጭቆውን በሚመታበት ድምፅ ላይ ይቀራል፤ እኔ እዚያ ላይ ሳለሁ ሻዩ ይቀዘቅዛል።

ሱቄ ጎንደር፣ አራዳ ገበያ ዳር ነው። ስፒከር፣ ቻርጀር፣ ማዳመጫ፣ ዘፈን የተጫነበት ሚሞሪ ካርድ እሸጣለሁ። ከትክል ድንጋይ ለገበያ የመጣ ገበሬ ምን እንደሚያስጭን ገና ደረጃውን ሲወጣ አውቃለሁ፤ የማራኪ ግቢ ተማሪ ምን እንደሚጠይቅ አውቃለሁ፤ ጠይቆ ሳይገዛ እንደሚሄድም አውቃለሁ። የሰው ጆሮ ነው እንጀራዬ። የራሴን ግን አንድም ቀን ጠይቄው አላውቅም ነበር።

ሙዚቃ መሥራት ያስጀመረኝ አንድ የሠርግ ዲጄ ነው። በየሠርጉ ወቅት ስፒከር ያቃጥልና ከእኔ ይገዛል፤ ስለዚህ እንዋደድ ነበር። አንድ ቀን የተቃጠለ ስፒከር ተሸክሞ መጣና ጠረጴዛዬ ላይ ጣለው።

«አንተ ነጋዴ፣ ከአዲስ አበባ ቢት ማስመጣት መሮኛል። ያው የለመዱትን ነው የሚልኩልኝ። እዚሁ የሚሠራ ሰው ፈልግልኝ።»

«ቢት ማለት ምኑ ነው?»

«ከበሮ ነው በለው። በኮምፒዩተር የሚሠራ።»

ከበሮ በኮምፒዩተር! ቆዳ አይገዛለት፣ ለመቺው እራት አይቀርብለት፣ አንዴ ከሠሩት ሺህ ጊዜ ይሸጣል። እንዲህ ያለ ዕቃ በሕይወቴ ገጥሞኝ አያውቅም። በሳምንቱ ባጃጁን ሸጥኩና ላፕቶፕ፣ ክንዴን የምታህል የሙዚቃ ኪቦርድ፣ ሁለት ጥሩ ስፒከር ገዛሁ። ባለቤቴ ዕቃውን ዞር ዞር ብላ አየችው።

«ባጃጁ እንኳ ሰው ይጭን ነበር፤» አለችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ከኢንተርኔት ቪዲዮ እያየሁ ተማርኩ። የሚናገሩበትን ቋንቋ ግማሹን አልሰማውም፤ እጃቸውን አይቼ እከተላለሁ። ከጥቂት ወራት በኋላ ዲጄው የሚፈልገውን መሥራት ቻልኩ። ችግሩም ይኸው ሆነ። የሠራሁት ሁሉ ሱቄ ውስጥ በሚሞሪ ካርድ ከምሸጠው አይለይም። ሌላ ሰው ለብሶት ታጥቦ የመጣ ጃኬት እንደመሸጥ ነው። ይሸጣል፣ ያሞቃል፣ ግን አንገቱ ላይ የሌላ ሰው ጠረን አለ።

ከዚያ ወዲህ መቀመጥ አቃተኝ። ስልኬን ይዤ ድምፅ አደን ወጣሁ። የማራኪ ሚኒባስ ረዳቶችን ጩኸት ቀዳሁ። የወፍጮ ቤት፣ የብረት በያጅ፣ ዝናብ በቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ቀዳሁ። መንገዱ ክፍት በሆነ ጊዜ ትክል ድንጋይ ገበያ ወርጄ የበርበሬ ነጋዴዎች ሲያስነጥሱ ቀዳሁ። ወደ ጃናሞራም ወጥቼ መካነ ብርሃን ገበያ ላይ ስልኬን በግ አፍ ላይ ደቀንኩ።

ባለበጉ አየኝና፣ «ምነው፣ ልትገዛው ነው ወይስ ልታነጋግረው?» አለኝ።

«ድምፁን ነው የምፈልገው።»

«ድምፁማ ከነበጉ ነው የሚሸጥ።»

በጉን አልገዛሁም። ቤቴ ገብቼ ድምፁን ኮምፒዩተሩ ላይ ስሰማው ግን በጉ የራሱ ስታይል ነበረው። እኔ አልነበረኝም። እንዲህ ስባዝን አንዱን ሥራ ሳልጨርስ ሌላውን እጀምራለሁ፤ ሱቅ ውስጥ ሰው ቻርጀር ሲጠይቀኝ ማዳመጫ አቀብላለሁ።

በጥር፣ ሠርጉ ሲደራረብ፣ ለዲጄው አንድ አዲስ ነገር ሠራሁ። በውስጡ የራሴን ጭብጨባ ቀድቼ አስገብቼ ነበር። ሱቅ ድረስ መጥቶ ማዳመጫውን አደረገ፤ ትንሽ ሰማና አወለቀው።

«ይሄ ያነክሳል።»

«ምኑ?»

«ጭብጨባው። ሰው እግሩን ሲያነሳ እሱ ገና አልደረሰም። እግር ልታስሰብርብኝ ነው?»

ሶፍትዌሩ ውስጥ የዚህ መድኃኒት አለ። አንድ ቁልፍ ስትጫን የዘገየውንም የቸኮለውንም ድምፅ ጎትቶ መስመር ላይ ያሰልፈዋል፤ ልክ ትራፊክ ፖሊስ ባጃጆችን እንደሚያሰልፍ። ተጫንኩት፣ ተሰለፈ፣ ዲጄው ከፍሎ ሄደ። የተሰለፈውን መልሼ ስሰማው የሞተ ሰው ፎቶግራፍ መሰለኝ። አሁንም ሌላ ሠራሁ፤ አሁንም እጄ ዘገየ። ከዚያም ሌላ። እጄን ብሰድበው፣ ኪቦርዱን ብቀይረው፣ ጭብጨባው ከቦታው ትንሽ ያልፋል። በሽታ ነው ብዬ ሐኪም ቤት ልሄድ ምንም አልቀረኝ።

ጥሩ፤ ጥር አለፈ፣ ሠርግ ቆመ፣ ዐቢይ ጾም ገባ። የምሠራባት ክፍል ከሱቁ ጀርባ ናት፤ ግድግዳዋ ከአጎቴ ቤት ጋር አንድ ነው። አጎቴ በአንድ ደብር አቋቋም የሚያስተምር መሪጌታ ነው። አቋቋም ካህናት ሲያሸበሽቡ መቋሚያው፣ ከበሮውና ጸናጽሉ እንዴት እንደሚሄዱ የሚማሩበት ትምህርት ነው። በልጅነቴ እኔንም አስገብቶኝ ነበር። ዝማሜውን፣ ማለትም መቋሚያ ይዞ መወዛወዙን፣ ተማርኩና ከበሮው ላይ ሳልደርስ ገበያ ጠራኝ። እስካሁን ይቅርታ አላደረገልኝም፤ ሰላም ግን ይለኛል።

በጾሙ ሁለተኛ ሳምንት፣ ቅዳሴ ተፈጽሞ ሲመለስ፣ ገና እህል ሳይቀምስ በሬን በመቋሚያው ጫፍ ገፋው።

«ምነው? በጾም ከበሮ?»

«አያ፣ ከበሮ አይደለም። ኮምፒዩተር ነው።»

«ኮምፒዩተር መሆኑን ጆሮዬ በምን ይወቅ? ቤተ ክርስቲያን እንኳ ከበሮዋን አስቀምጣለች። በመቋሚያ ብቻ ነው ያለነው። አንተ ከእግዚአብሔር ቤት ትበልጣለህ?»

ነጋዴ ነኝ፤ ተጣልቼ አላውቅም፣ ተዋውዬ ነው የማውቀው። «ከበሮውን ባወጣውስ?» አልኩት።

«አውጥተህስ ምን ይቀርሃል?»

«ምንም።»

«እንግዲያው ሸጋ፤» አለና ሽሮው ወዳለበት ሄደ።

ምንም እንደማይቀር ላሳየው ብዬ ነው ያወጣሁት፤ በእልህ። ከሥራው ሁሉ ከበሮውን አጠፋሁ። መስመር የሚያሲዘውን ቁልፍም ፈታሁት፤ ከበሮ ከሌለ ምን ይሰለፋል? የቀረው ወፍራም የባስ ድምፅ፣ የሱቄ በር ማጠፊያ ሲጮኽ የቀዳሁት፣ ያ ዘገምተኛ ጭብጨባዬ፣ በመካከላቸውም ብዙ ባዶ ቦታ ነበር። ከፍቼው ወገቤን ላፍታታ ተነሣሁ።

ቆሜ ሳለሁ ሰውነቴ መወዛወዝ ጀመረ። ወደ ግራ ዘመም፣ ወደ ቀኝ ዘመም፣ ከዚያ ቀኝ እጄ ባዶውን ወደ ላይ ተነሣ፣ ጥቂት ቆየና ወረደ። እጄ ሲወርድና ጭብጨባው ሲመታ አንድ ላይ ሆነ። ዳግመኛም እንዲሁ። አራት ጊዜ ያህል ደጋግሜ አየሁት፤ አልሳተም። እጄ ለካ አልዘገየም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ መቋሚያው እስኪወርድ እየጠበቀ ነበር። በጥር ከበሮው ሸፍኖት፣ እኔም በቁልፍ እየጎተትኩ ሳሰልፈው፣ እሱ ግን ቦታውን ያውቅ ነበር።

ደስ አለኝ ብል ውሸት ነው። ይበልጥ ተቅበጠበጥኩ። የጠፋብህን ዕቃ የራስህ ኪስ ውስጥ ስታገኘው የሚመጣው ንዴት ነው የመጣብኝ። ሱቁን እየዘጋሁ መሥራት ጀመርኩ። የቤተ ክርስቲያን ድምፅ ግን አንድም አላስገባሁም፤ ጸናጽል የለም፣ ዜማ የለም። ያለው የበር ማጠፊያ፣ የወፍጮ ቤት ቀበቶና ያ በግ ነው። የተወሰደ ነገር ካለ አጠባበቁ ብቻ ነው።

ያም ቢሆን ልቤ አልረጋም። ፋሲካ ሲቃረብ አጎቴን ጠርቼ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አደረግሁለት። ጥምጣሙን እንዳይነካ ተጠንቅቄ፣ ገመዱ እንዳያንቀው ተጠንቅቄ። ቆሞ ሰማው። ፊቱ አልተንቀሳቀሰም። እኔ ፊቱን ትቼ እግሩን አየሁ፤ ተረከዙ ትንሽ ተነሣ፣ ቆየ፣ ወረደ። ሲጨርስ ማዳመጫውን እንደ ትኩስ ድንች አቀበለኝ።

«ከእኛ ቤት የሰረቅኸው የለም፤» አለ። «ከበሮ ሳትደርስ መሄድህ ግን ያስታውቃል።»

«አያ፣ ያ ነው እኮ ጥሩነቱ።»

«ለምን የሚሆን ነው?»

«ለሠርግ።»

«እንዲህ እያዘገመ የሚያገባ ማን ነው?» አለና ወጣ።

ማን እንደሚያገባ አውቅ ነበር። ዲጄው ከዳግማ ትንሣኤ በኋላ ትልቅ ሠርግ ይዞ ነበር፤ ሙሽራው አዳራሽ ሲገባ የሚለቀቀውን አዲስ ሙዚቃ ከእኔ አዝዟል። የዘገየውን አስቀድሜ አሰማሁት። አልደበቅሁትም፤ የተበላሸ ዕቃ ደብቆ መሸጥ የኔ ሙያ አይደለም።

«አሰልፈው፤» አለኝ። «ካልተሰለፈ እኔና አንተ ጨረስን። ስፒከርም ከሌላ እገዛለሁ።»

ሁለት ፍላሽ አዘጋጀሁ፤ አንዱ የተሰለፈው፣ አንዱ የኔ። በሠርጉ ቀን ሁለቱንም ኪሴ ከትቼ ሄድኩ። አዳራሹ በር ላይ ዲጄው እጁን ዘረጋ። በቻርጀርና በማዳመጫ ተሳስቶ የሚያውቀው እጄ ያን ቀን አልተሳሳተም፤ ምን እንደማቀብል አውቅ ነበር። የኔን ሰጠሁት።

«የትኛው ነው?»

«የኔ ነው። የተሰለፈውም ኪሴ አለ፤ ከፈለግህ ውሰደው።»

ለመምረጥ ጊዜ አልነበረውም፤ የሙሽራው መኪና ጡሩምባ እየነፋ ደርሷል። ሰካው።

ሙሽራው ከሙሽራይቱ ጋር ገባ። ሚዜዎቹ እግራቸውን አነሡ፤ ጭብጨባው አልደረሰም፤ አንዱ ሚዜ ቀድሞት ከሄደው ጋር ተላተመ። ሁለት ሴቶች ሳቁ። በጎን በኩል የተቀመጡት ካህናት ዘመዶች ብርጭቋቸውን አስቀምጠው ቀና አሉ። ከእነሱ አንድ ሽማግሌ ትከሻው ዘመም አለ፤ እጁ ተነሣ፣ ቆየ፣ ወረደ። ከጎኑ ያለውም። ሙሽራው ግራ ገብቶት መራመዱን ተወና እዚያው መሃል ላይ እየተወዛወዘ ቆመ፤ ሙሽራይቱ ክንዱን ጎተተችው። ያን ጊዜ ዲጄው ፍላሼን ነቅሎ የአዲስ አበባውን ለቀቀ። አዳራሹ ወዲያው ጨፈረ።

ሲያልቅ ፍላሹን መዳፌ ላይ አኖረው።

«እኔ ሠርግ ነው የምሸጠው፤» አለኝ። «ፍትሐት ከፈለግህ አጎትህ ጋ ሂድ።»

አልተከራከርኩም። ከእሱ ወገን ሲታይ ልክ ነው።

አሁን ስፒከር የሚገዛው ከሌላ ሱቅ ነው። አጎቴ ሰላም ይለኛል፣ ክፍሌ ግን አይገባም። በጾም ጊዜ ድምፅ ስለማላሰማ በሬን በመቋሚያው አይገፋም። መስመር የሚያሲዘውን ቁልፍ እስካሁን አልተጫንኩትም፤ ጣቴ ብዙ ጊዜ አጠገቡ ደርሷል።

የወጣው፦ ባጃጅ፣ ደንበኛ፣ የተረጋጋ ሻይ። የገባው፦ አንድ ሙዚቃ፣ በእኔ እጅ የተሠራ መሆኑ የሚያስታውቅ። አልተሸጠም።