የተሰረቀው የእበት ክምር

የባሌ ታናሽ ወንድም የስድስት ወር እበቴን ሰርቆኛል። የልጅ ልጆቼ ሲሰሙ ይስቃሉ። ይሳቁ፤ እኔ ግን ተጽፎ እንዲቀመጥልኝ እፈልጋለሁ።

መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመት ቢሆነው ነው። ባሌ ሞቶ ከአራት ልጆች ጋር ቀርቻለሁ። ቤቴ ያለችው ላም የዚሁ የባሌ ወንድም ናት፤ እኔ ዘንድ ለእርባታ አስቀምጧታል። ደንባችን የታወቀ ነው፤ ጥጃና ቅቤ እኩል፣ እበቱ የጠራጊው። ላሟ ቤት ውስጥ ከእኛ ጋር ታድራለች። ጎህ ሲቀድ እበቱን በእጄ እዝቅና በኮባ ቅጠል ተሸክሜ ጓሮ እከምራለሁ። ከመንግሥት የሚመጣው ማዳበሪያ ለበቆሎ ነው፤ እንሰት ከእበት ሌላ አያውቅም። በዚያ ዓመት አዲስ የተከልኩት እንሰት ቀጭጮ ነበር። እሱ ካልተነሣ ልጆቼ የሚበሉት የለም።

አንድ ቀን ከአረካ ገበያ ስመለስ ክምሩ የለም። ቀዩ አፈር ተፍቆ፣ የተላሰ ሳህን መስሏል። ሸክሜን ሳላወርድ ደርቄ ቀረሁ። ሰው በግ ይሰርቃል፣ በቆሎ ይሰርቃል። እበት? የተንጠባጠበውን ተከትዬ ሄድኩ። አጥሩን አልፎ በባሌ ወንድም ጓሮ፣ በእያንዳንዱ እንሰት ሥር ዙሪያውን ተከምሯል።

ጎረቤቴን «አላየሽም?» ብላት፣ «አየሁ እንጂ! የሰጠሽው መስሎኝ በርታ አልኩት» አለችኝ።

የቤተ ክርስቲያናችንን ሽማግሌዎች ጠራሁ። አንዱ አፉን ይዞ ሳቀ። «አንቺ ሴትዮ፣ ለእበት ነው የሰበሰብሽን?»

«ምሳ የበላችሁት ቆጮ ከምን የበቀለ ይመስላችኋል?» አልኩት።

የባሌ ወንድም ተነሣ። «ላሟ የኔ፤ ከላሟ የወጣው ሁሉ የኔ!»

«እንግዲያው ነገ በጠዋት ና፣ ሽንቷንም ጥረግ!»

ከዚያ በኋላ ማንም አልሳቀም። የተሰረቀው ከአፈር ስለተቀላቀለ፣ ከራሱ በሬዎች እበት ስድስት ወር በየቀኑ እንዲያመጣልኝ ፈረዱበት። አመጣም፤ እንሰቴም ተነሣ። እኔን ያንገበገበኝ ግን ሌላ ነው። አጥር ለአጥር ሆነን ለምን አልጠየቀኝም? ሸክሙን ባራገፈ ቁጥር ይህንኑ እጠይቀዋለሁ፤ ባዶ ቅርጫቱን አንሥቶ ይሄዳል። የመጨረሻዋን ቅርጫት ደፍቶ ግን ቀና አለ።

«እትዬ፣ ብጠይቅሽማ ትሰጪኝ ነበር። ከዚያ እስክሞት ድረስ በየለቅሶ ቤቱ ‹እበት ለምኖኝ ሰጠሁት› እያልሽ ስታወሪብኝ ትኖሪ ነበር።»