መቀሌ ላይ ፈታኞቹ ስንፈተን

ሐሙስ፣ ጎህ ሲቀድ

ቦሌ አየር ማረፊያ ስደርስ የኮሌጃችን ዲን ደወሉ። መቀሌ የምሄድበት ስብሰባ የየክልሉ የመንግሥት መምህራን ኮሌጆች በሙያ ፈቃድ ፈተና ያመጡትን ውጤት የሚያወዳድር ነው። የእኛ ምሩቃን ውጤት ለወሬም አይመችም። «አደራ፣ እንዳታዋርደን» አሉኝ። የወጣን ውጤት እኔ ምን ላደርገው ነው? አልኩ፣ በልቤ።

ረፋድ፣ መቀሌ፣ ሮማናት አደባባይ

ደረቅ ንፋስ፣ የጥርብ ድንጋይ ቤቶች፣ ባጃጅ በባጃጅ ላይ። የታክሲው ሹፌር እህቱ ይህንኑ ፈተና ተፈትና ውጤት እየጠበቀች ስለሆነ ቤታቸው ውስጥ ሬዲዮ እንኳ እንደማይከፈት አጫወተኝ። ፊቴን አይቶ፣ «ኣጆኻ፣ አይዞህ መምህር፣ እዚህ ሰው አይበላም» አለ። ፉል በትኩስ ዳቦ በላሁ፤ ቃሪያው አስለቀሰኝ።

ከሰዓት፣ ሓወልቲ አዳራሽ

አዳራሹ ግድግዳ ላይ የኮሌጆቹ ውጤት በሰንጠረዥ ታየ። የእኛ ከታች ስለነበር መነጽሬን መወልወል ጀመርኩ። አጠገቤ የተቀመጠው የመቀሌው መምህር ኪዳነ ነው፤ የእሱ ኮሌጅ አናት ላይ ወጥቷል።

ሁላችንም ስለ ተማሪ ስንፍና ስናማርር ቆየን። ከዚያ የስብሰባው አስተባባሪ ያንኑ የሙያ ፈቃድ ፈተና ለእኛ ለአሰልጣኞቹ አደለች። ወረቀት ሲታደል የምናውቀው አንድ ሥራ ብቻ ነውና ግማሾቻችን ብድግ ብለን፣ እጃችንን ወደ ኋላ አጣምረን በወንበሮቹ መካከል መንጎራደድ ጀመርን። እኔማ አንድ ሽማግሌ መምህር ላይ ቆጣ ብዬ፣ ዐይናቸውን ከጎረቤት እንዲያነሱ አዘዝኩ።

«መምህራን፣ ተቀመጡ፤ የዛሬ ተፈታኞች እናንተ ናችሁ» አለች አስተባባሪዋ።

አንዱ ጥያቄ፣ ተማሪ ሲኮርጅ ብታገኝ ምን ታደርጋለህ ይላል። «ለ፣ ቦታ ቀይሮ ማስቀጠል» የሚለውን አከበብኩ። ሰረቅ አድርጌ ሳይ ኪዳነ «ሐ፣ ወረቀቱን መቅደድ» ላይ ነው። አንደኛ የወጣ ኮሌጅ መምህርን እኔ ማን ነኝና እከራከረዋለሁ? አጠፋሁና ሐ አደረግኩ።

ማታ

በአንድ ጥያቄ ወደቅኩ። ኪዳነ ለጥቂት አልፏል። እራት እንብላ ብሎ ክንዴን ይዞ ወጣ፤ መንገድ ላይ ግን ሳቁ አልያዝ አለው።

«ሓወይ፣ ወንድሜ፣ አልደብቅህም። ሐ ብዬ ነበር። አንተ ለ ስትል አየሁና ቀየርኩ። ከዚያ ሁሉ አገር ታምኖ የተላከ ሰው አይሳሳትም ብዬ ነው» አለኝ።

ትክክሉ ለ ነበር። ተናደድኩ፣ ከዚያ እንባዬ እስኪፈስ ሳቅኩ። ለእራት የቀረበልንን የገብስ ጥሕሎም ከእሱ እኩል በላሁ፤ የማለፊያውን መልስ ያዋጣሁት እኔ ነኝ።

ዓርብ፣ ኮሌጅ

ከመኪና እንደወረድኩ ዲኑ ቢሮ ገባሁ። ከሌላ ከሚሰሙ ብዬ ሁሉንም ዘረገፍኩላቸው፤ መውደቄን፣ መኮረጄን፣ ጥያቄውንም ከነትክክለኛ መልሱ። አቀርቅሬ ቁጣቸውን ጠበቅኩ። እሳቸው ግን ተነስተው በሩን ዘጉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ወረቀቱ አይቀደድም እንዴ?»