የወረደው አራራይ

በዚያ ዓመት መስከረም ሲጠባ የመሪጌታ ሐብተ ማርያም ድምፅ ወረደ። ጠፋ አይባልም። ሲያወሩ ያው የድሮው ነው፤ ሲቆጡ ጎረቤት ይሰማል። ዜማው አራራይ ላይ ሲደርስ ግን፣ ያ ከዜማ ሁሉ ሽቅብ የሚወጣው ላይ ሲደርስ፣ ጉሮሯቸው እንደ ደከመች በቅሎ አቀበቱ ወገብ ላይ ቀጥ ይላል። ቢነዱት አይሄድም።

ከደንቢያ በልጅነታቸው መጥተው፣ ቁራሽ እየለመኑ አቋቋም የተማሩት እዚሁ ጎንደር ነው። ጣሊያን ከወጣ ወዲህ በቁስቋም ማኅሌቱን የሚመሩት እሳቸው ናቸው። አብረዋቸው የሚቆሙት መዘምራን፣ ከጥቂት ሽማግሌዎች በቀር፣ ሁሉም ተማሪዎቻቸው ነበሩ። ሲያስተምሩም ምሕረት አያውቁም። «ከመሪው አፍ አትውጡ!» ይላሉ፤ ከመሪው ድምፅ ትንሽ ከፍ ያለ ወይም ዝቅ ያለ ተማሪ ትከሻው ላይ መቋሚያ ያርፍበታል።

ኅዳር ስድስት፣ የቁስቋም በዓል፣ እየቀረበ መጣ። የደብሩ አለቃ በጨዋ አነጋገር፣ «ካልሆነልዎ ግራጌታ ዋኘው ይምራ። ከበዓሉ አስቀድመው ቁርጡን ይንገሩኝ» ብለዋቸዋል። ዋኘው የግራውን ረድፍ የሚመራ፣ አርባ ያልሞላው፣ እሳቸው ራሳቸው ያሳደጉት ባለ ድምፅ ነው። መሪጌታ ተልባውንም፣ ማሩንም፣ ዝንጅብሉንም ሞከሩት።

«ምነው ዘንድሮ ለዋኘው ቢተዉለት?» አሉ ባለቤታቸው ወይዘሮ ይመኙሽ። «ሰው ቢያርፍ አይሞት።»

«የሚሞተው ያረፈ ነው» አሉ መሪጌታ፤ ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ሐኪም ቤት ወረዱ።

የሐኪም ቤቱ አስተርጓሚ ድሬሰር ነጋ የዋኘው የአክስት ልጅ ነው። ዶክተሩ ኤይናር የሚባል፣ ቁመቱ በር የሚያስጎነብሰው ፈረንጅ ነበር።

«ይኸ ደግሞ አገሩ ወዴት ነው?» ሲሉ መሪጌታ ነጋን ጠየቁ።

«አይስላንድ ይባላል፣ የኔታ። ባሕር መካከል ነው፤ በረዶ ብቻ ነው አሉ።»

«ስሜን ነው በለኛ!»

«ስሜን ባሕር ላይ ቢቀመጥ።»

ዶክተሩ በመብራትና በመስታወት ጉሮሯቸውን አየና በነጋ አፍ ተናገረ፤ «ጉሮሮዎ ደኅና ነው። ያረጀው ድምፅዎ ነው። ለዕድሜ መድኃኒት የለኝም።»

«ይህንማ ይመኙሽም ነግራኛለች፤ ያለ መብራት» አሉ መሪጌታ።

ዶክተሩ ሳቀ። የቄስ ልጅ መሆኑንና ዜማ እንደሚወድ ነገራቸው፤ እሑድ ከሰዓት ቤቱ መጥተው ከሚስቱ ጋር የሚያዜሙትን ያገራቸውን የቤተ ክርስቲያን ዜማ እንዲሰሙ ለመናቸው። ካህን ፈረንጅ ቤት ምን ይሠራል የሚል እንደማይጠፋ ያውቁታል። የሆነው ሆኖ ነጋን አስከትለው ሄዱ።

የዶክተሩ ሚስት ሄልጋ ትባላለች። እንደ ወናፍ በእግር እየተረገጠ የሚተነፍስ ሣጥን ፊት ተቀምጣ አንድ ዜማ ተጫወተች። መሪጌታ በትዕግሥት ሰሙ። ሣጥኑ ለእሳቸው የሚያንኮራፋ ሰው ነበር። ከዚያ ዶክተሩ፣ «ይህኛው የጥንት ነው፤ ሣጥን አይገባበትም» አለና ሁለቱ ጎን ለጎን ቆሙ። ሴቲቱ ጀመረች፤ ባል ከታች ገባ። አንዱን ቃል እያሉ እሷ ከላይ፣ እሱ ከታች ሄዱ።

መሪጌታ መቋሚያቸውን ወለሉ ላይ ደበደቡ። «ቁም! ስተሃል! እሷን ስማ!»

ነጋ አንገቱን ደፋ። ባልና ሚስት ግን ዜማውን አቋርጠው በሳቅ ፈነዱ።

«አልሳትሁም» አለ ዶክተሩ። «እንዲህ ነው የሚባለው።»

«በእኛ አገር ሁለት ድምፅ ከተሰማ አንዱ ስቷል።»

«በእኛ አገር አልሳቱም፤ አብረው ይሄዳሉ። አባቴ የሚያገለግልባት ቤተ ክርስቲያን ግድግዳዋ ከነሣሩ የተቆረጠ አፈር ነበር። አባቴ ሲያረጅ ድምፁ ሽቅብ መውጣት አቃተው። እኛ ላዩን ያዝንለት፤ እሱ ከታች ቆመ። እስኪሞት ሲያዜም ነበር።»

መሪጌታ እንደገና እንዲሉላቸው በእጃቸው አመለከቱ። በሁለተኛው ጊዜ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ።

ወደ ቁስቋም ሲወጡ አቀበቱ አደከማቸው። ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ለወረደ ድምፅም ቦታ አለ ማለት ነው፤ እስኪሞት ሲያዜም ነበር። ይህን ደጋግመው አሰቡት። ተነሥተው በቀጥታ አለቃው ዘንድ ሄዱና፣ «እኔው እመራለሁ» አሉ።

ዋኘውን ለብቻው ጠሩት።

«እኔ ከታች እጀምራለሁ። አንተ በራስህ ድምፅ ከላይ ያዝ። ወደ እኔ አትውረድ፤ ሌላው ከአንተ ጋር ይሂድ።»

«የኔታ፣ ይህ ደግሞ የየት ሥርዓት ነው?»

«የየትም ይሁን። እሺ በል።»

«እሺ። ግን ሰው ‹ተጣልተው ነው› ይላል።»

«ይበል።»

የበዓሉ ዕለት ታቦቱ ወጥቶ ዙሩ አልቆ፣ መዘምራኑ በፀሐይ ግቢው ላይ ሁለት ረድፍ ሠርተው ቆሙ። ዶክተሩና ሚስቱም ከነጋ ጋር ከሕዝቡ ኋላ ቆመዋል። መሪጌታ ከታች ጀመሩ። ዋኘው ከላይ ወጣ።

ለጥቂት ጊዜ ሁለቱ ድምፆች እንደ ጥማድ በሬ ጎን ለጎን ሄዱ። መሪጌታ፣ ሆነ አሉ በልባቸው። መዘምራኑ ግን ግራ ተጋብተው አንድ ጊዜ ዋኘውን፣ አንድ ጊዜ እሳቸውን አዩ። መጀመሪያ ሽማግሌዎቹ ወረዱ። ቀጥሎ ከእነርሱ አጠገብ ያሉት። ማንም አላዘዛቸውም፤ ዕድሜ ልካቸውን ከመሪው አፍ አትውጡ ተብለው የኖሩ ናቸው። አንድ በአንድ የመሪጌታን ድምፅ ተከትለው ቁልቁል መጡ። ዋኘው ብቻውን ላይ ቀረ፤ የአንገቱ ሥር ተገትሮ ታገለ፤ በመጨረሻም የኔታን ይቅር ይበሉኝ በሚል ዓይን አያቸውና እሱም ወረደ።

አሁን ሁሉም አንድ ድምፅ ሆኑ፤ የሽማግሌ ድምፅ። ከበሮው ሳይታዘዝ ዘገየ። ጸናጽሉ ከበደ። የሴቶቹ እልልታ ቆመ። ከአጥሩ ሥር ያሉ አንዲት አሮጊት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ጎረቤታቸውን፣ «ማን ሞተ?» ሲሉ መሪጌታ ሰሙ።

ዘወር ብለው ረድፉን አዩት። እነዚያ ሁሉ ብርቱ ጎረምሶች ለእሳቸው ብለው ጎንበስ ብለው ነበር። እሳቸው ራሳቸው የተናደዱ መሰላቸው፤ ግን ቁጣ አልነበረም። ድካም ብቻ ነበር፤ ብዙ ዓመት የተጠራቀመ፣ እስከዚያች ሰዓት ቁም ሲሉት የቆመ ድካም። አፋቸውን ዘጉ። ሁሉም ዝም አለ።

«ዋኘው» አሉ፤ «ከላይ ጀምር።»

«የኔታ...»

«ጀምር ብያለሁ። ሕዝቡ ፀሐይ ላይ ነው።»

ዋኘው ጀመረ። አራራዩ ወጣ፤ ረድፉ ሁሉ አብሮት ወጣ፤ ከበሮው ተመታ፤ እልልታው ግቢውን ሞላው። መሪጌታ መቋሚያቸውን ብብታቸው ሥር አስገብተው፣ ተደግፈው፣ አፋቸውን ሳይከፍቱ እስከ መጨረሻው ቆሙ።

ሲያበቃ ዶክተሩ በሕዝቡ መካከል ተጋፍቶ መጣ። «ያ ከታች የነበረው እጅግ ሸጋ ነበር ይላል» አለ ነጋ።

«ለተዝካር ሸጋ ነው» አሉ መሪጌታ። «ንገረው፤ ያገሩ ሰው ለአባቱ ላዩን ያዘለት። ያገሬ ሰው አብሮኝ ወረደ። ሁለቱም ወደው ነው። እኔ ግን እነዚህን ሁሉ ጎትቼ የማወርድበት አቅም የለኝም።»

በሚቀጥለው እሑድ ቀደም ብለው ቤተ ክርስቲያን ገቡ። ወደ መሪው ቦታ አልሄዱም፤ የረድፉ ጭራ ላይ፣ ከበር አጠገብ፣ ትናንት ድቁና ከተቀበሉት ጎን ቆሙ። እዚያ ቆሞ የነበረው ጎረምሳ ደነገጠ።

«የኔታ፣ ቦታዎ ወዲያ ነው።»

«ወዲያ ዋኘው አለ» አሉ። «ጠጋ በልልኝ።»